እስከ ሰባት ቤት

ወረታ ላይ የውል መዝጋቢ ሆኜ በሠራሁባቸው የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ከመዘገብሁት ውል የመለስሁት ይበልጥ ነበር። ዛሬ ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ያኔ ግን እኮራበት ነበር። ሌላው ጉቦ በላ ተብሎ ሲታማ እኔ የሰው ሻይ እንኳ አልቀምስም። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚሉትን ተረት ስሰማ ቆሽቴ ያርራል። የኔ ጥጋብ ሌላ ነበር፤ እምቢ ማለት። አንዱ ባላገር ማልዶ ተነሥቶ፣ ጭቃውን አቋርጦ፣ ምስክሮቹን አስከትሎ ይመጣል። እኔ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየውና አይሆንም እለዋለሁ። የዚያን ቀን ምሳዬ ሹሮ ቢሆን እንኳ ይጣፍጠኛል።

ምክንያት አጥቼ አላውቅም። አንዱን ምስክርህ አረቄ ሸተተኝ ብዬ መለስሁት። አንዱን፣ ቤቱን የሚሸጥ ሰው እንዴት እንዲህ ይስቃል፣ ነገር ቢኖረው ነው ብዬ መለስሁት። ሌላውን ደግሞ ሻጭና ገዥ ተኳርፈው ስለመጡ ታርቃችሁ ኑ ብዬ መለስኋቸው። ታርቀው ሲመጡ ያለቅጥ ተዋደዱብኝና እንደገና ጠረጠርኋቸው።

አንድ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ የማሳውን አዋሳኝ ሲያስጽፍ "በምዕራብ በኩል ውሃው እስከሚደርስበት" አስብሎ መጣ። በስንት ወር የሚደርሰው ውሃ ነው ብዬ ጠየቅሁት። የሐምሌው አለኝ። ጥር ላይስ አልሁት። ጥር ላይማ ውሃ ከየት መጥቶ አለኝ። እንግዲያው በሐምሌ ልክ የተሸጠ መሬት በጥር መዝገብ አይገባም ብዬ አሰናበትሁት። ሰውየው በሩ ላይ ቆም አለና፣ ውሃው የት እንደሚደርስ የቁሐር ሕፃን ሁሉ ያውቃል፣ የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት ብሎኝ ሄደ። ስድብ መስሎኝ ስቄበታለሁ።

ማኅተሙ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል፤ ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ። ክሩ አጭር ስለነበረ ሣጥኑን ለመክፈት ወገቤን አጥፌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ አፍንጫዬን ከሣጥኑ ማስነካት ነበረብኝ። ስለዚህ ውል በመዘገብሁ ቁጥር ፊቴ ለቆመው ባላገር እጅ የምነሣ እመስል ነበር። እምቢታን የወደድሁት አንድም ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም። ክሩን ማስረዘም እንደሚቻል ትዝ ያለኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ወረታ የተመደብሁት ዘመድ የለውም ተብዬ ነው። ከኔ በፊት የነበረው መዝጋቢ የዚያው የፎገራ ሰው ነበርና የአጎት ልጅ፣ የአክስት ልጅ በመጣ ቁጥር ማኅተሙ ከሣጥኑ ዘሎ ይወጣ ነበር አሉ። የወረዳው ዳኛ በዚህ ተማርረው አገሩን የማያውቅ፣ አገሩም የማያውቀው ሰው ስጡኝ ብለው ጠየቁ። እኔ የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝ፤ ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ጽሕፈቴ ያምራል። የመጣ የሄደውን ሁሉ፣ እዚህ አገር የአንድ ሰው ሥጋ የለኝም፣ በኔ ዘንድ አድልዎ የለም እለው ነበር። ወንበሬ የቆመው በዚህች ቃል ላይ ነው።

ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሴት ሲናገሩ ሳይቸኩሉ፣ ሲቀመጡ ሳይጋበዙ ቢሮዬ ገቡ። ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ ከጎንደሩ መንገድ በሚለይበት አጠገብ የቆርቆሮ ቤት አላቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በዚያ ቤት ጨው እየቸረቸሩ ኖረዋል። ቤቱን የሚገዟቸው አጠገባቸው ሱቅ ያላቸው የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸውም አብረው መጥተዋል።

ሴትዮዋ ለምን እንደሚሸጡ አልጠየቅኋቸውም፤ ራሳቸው ነገሩኝ። ቁሐር ሚካኤል የተዳረች አንድ ልጅ አለቻቸው። ባሏን ባለፈው መኸር ወባ ገድሎባት ሦስት ሕፃናት ይዛ ቀርታለች። ከነበሯት ሁለት በሬዎች አንዱ ለተዝካሩ ታረደ፤ ሁለተኛው ታሞ ሞተ። ሁለት ማሳ አላት፤ ከፍ ያለው ለዳጉሳ፣ ታች ያለው ጥቁር መሬት ለጤፍ የሚሆን። እናትየው ቤታቸውን ሸጠው ጥንድ በሬ ሊገዙላት፣ ከዚያም እዚያው ገብተው አብረዋት ሊኖሩ ቆርጠዋል። ዝናሙ ሳይበረታ ታችኛው ማሳ ካልታረሰ ውሃ ይተኛበታል፤ ለዚያ ዓመት አለቀለት ማለት ነው። በሬዎቹ እስከ ግንቦት አጋማሽ ቢገኙ ይበቃል አሉኝ።

ወረቀቱን አየሁ። አራቱም አዋሳኞች ተጽፈዋል። ምስክሮቹ ጨዋዎች ናቸው፤ አረቄ አይሸቱም፤ አይስቁም፤ አላኮረፉም። አንድም የጎደለ ነገር አጣሁ፤ ማጣቴም አበሳጨኝ። በመጨረሻ፣ ለመሆኑ ዘመዶችዎ ምን ይላሉ አልኋቸው። ቤቱን እኔና ባሌ በላባችን ሠራነው፣ ዘመድ አንዲት ማገር አላቀበለንም አሉ። ነገ ሳንጠየቅ ተሸጠ የሚል እንዳይመጣ ሁሉም እየመጡ አንከራከርም ብለው ይፈርሙ አልሁ።

"እስከየት ድረስ ያሉት?" አሉኝ።

"እስከ ሰባት ቤት" አልሁ።

ሰባት ቤት በኛ አገር የሚቆጠረው ለጋብቻ ነው። ሙሽራና ሙሽሪት እስከ ሰባት ትውልድ እንዳይዛመዱ ሽማግሌ ተቀምጦ በአባትም በእናትም ያጣራል። ለቆርቆሮ ቤት ሽያጭ ሰባት ቤት ይቆጠራል ያለ ሰው ከኔ በፊት አልነበረም፤ ከኔም በኋላ የሚኖር አይመስለኝም። ሕግ ጠቅሼ አይደለም። አዲሱ የሕግ መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ ለማስፈራሪያ አስቀምጬው እንጂ ከፍቼው አላውቅም። ሰባት የሚለው ቃል አፍ ላይ ስለሚያምር ብቻ አልሁት።

ይለምኑኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሴትዮዋ ትንሽ አዩኝና፣ እስከ ሰባት ቤት ካሉ እሺ ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ነጋዴው ግን ቀረት አሉና፣ እኔም ሰባት ቤት ላመጣ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሰባተኛ ቤቴ ጅዳ ሳይሆን አይቀርም፣ ካዘዙኝ እግረ መንገዴን ሐጅ አድርጌ እመለሳለሁ አሉ። ገዥ አያስፈልገውም ብዬ ኮስተር አልሁ።

ሴትዮዋ የግንቦት ሚካኤል ዕለት ቁሐር ሄደው፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ከኔ ጋር እስከ ሰባት ቤት የምትዛመዱ ሁሉ ወረታ መዝጋቢው ይፈልጋችኋል ብለው አስነገሩ። በማግስቱ ጧት ከቢሮው ፊት ያለው ዋርካ ሥር መቀመጫ ጠፋ። ግማሹ ግብር ሊጨመር ነው ብሎ ፈርቶ የመጣ ነው። ግማሹ ውርስ ተገኘ ብሎ ተደስቶ የመጣ ነው። በሶውን በስልቻ፣ ጠላውን በቅል ይዟል። ብዙዎቹ ሴትዮዋን አይተዋቸው አያውቁም። አንድ ሽማግሌ ወረታ ላይ የሚያገባቸው ቤት እንዳለ ሲሰሙ እጅግ ደስ አላቸው። ሳላየው አልፈርምም ብለው ሄዱ፤ ጣራውን ዞረው መረመሩና ተመልሰው፣ ያፈሳል፣ ይሸጥ ብለው ፈረሙ።

የሚቆጥሩት የሴትዮዋ አጎት፣ የአባታቸው ታናሽ ወንድም ነበሩ። ዓይናቸው የደከመ፣ ልባቸው ግን ያልደከመ ሽማግሌ ናቸው። በትራቸውን መሬት ላይ መታ ያደርጋሉ፤ አንድ ምት አንድ ትውልድ ነው። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሊትን አገባ እያሉ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ እታች ሲደርሱ ዋርካው ሥር ከተቀመጡት አንዱ አቤት ብሎ ይነሣል። እኔ እጽፋለሁ፤ ጣቱን ቀለም አስነክቼ አስፈርማለሁ። ሞፈር ሲጨብጥ የኖረ አውራ ጣት አሻራው ተፍቆ አልቋል፤ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ጥቁር ነጠብጣብ ነው። ነጠብጣቡን ሁሉ በየስሙ አስተካክዬ እደረድር ነበር።

በሁለተኛው ቀን ሌላ መዘዝ መጣ። ሁለት አባቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ቆጠራውን ሲሰሙ ስድስተኛው ቤት ላይ ተገናኙ። ለካ ልጆቻቸውን አጫጭተዋል፤ ሠርጉ ደርሷል። እኔ ቤት ሽጡ አትሽጡ ስል እነሱ ጋብቻቸው ፈረሰባቸው። የልጅቷ አባት ጠረጴዛዬ ፊት መጥተው፣ የጠነሰስሁትን ጠላ እንግዲህ ማን ሊጠጣልኝ ነው አሉኝ። በመዝገቤ ላይ ለዚህ የሚሆን ዓምድ አልነበረኝም። ጠላው በሦስተኛው ቀን በአህያ ተጭኖ መጥቶ ዋርካው ሥር ተጠጣ። ከዚያ ወዲያ ቆጠራው ፈጠነ፤ ድምፁም ከፍ አለ።

እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ የተሟላ ውል በጠቅላይ ግዛቱ የለም፣ ከአውራጃ መጥተው ቢያዩልኝ እያልሁ አስብ ነበር። ሴትዮዋ ከበሩ ጥግ ተቀምጠው ሰማዩን ያያሉ። ምን እንደሚያዩ አልገባኝም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አጎትየው ሁሉንም ጨርሰው አንድ ሐረግ ብቻ ቀረ አሉ። በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙና አወሩ።

"አንዲት አክስት ነበረችኝ፤ ያባቴ እኅት። ጎንደር ለኮርቻ ሠሪ ተድራ ሄደች። ከሜዳ ወጥታ አታውቅም ነበርና አገሩ ቁሞብኛል፣ ማሰሮው ሁሉ ወዳንድ ጎን ይፈስብኛል ስትል ኖረች አሉ። ኋላ አባቷ ከጉማራ ወንዝ ጠፍጣፋ ድንጋይ ባህያ አስጭኖ ላከላት፤ እስቲ በዚህ ላይ አስተካክለሽ ተቀመጪ ብሎ።"

ዋርካው ሥር የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ድንጋይ ተጭኖ ጎንደር ሲሄድ የመጀመሪያው ነውና ያስቃል። እኔ ግን ብዕሬ ቆመ። ጎንደር እናትና አባቴ ቤት፣ ምድጃው አጠገብ፣ የሚቀመጡበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። "የሜዳዋ ድንጋይ" ነው የሚባለው። የአባቴ አያት አምጥታው ነው ይባል ነበር። ዳዊት የተማርሁት እሱ ላይ ተቀምጬ ነው። አባቴ ዛሬም ኮርቻ ይሠራል። የትኛው ሜዳ ነው ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

የሷ ዘር አለ ወይ አልሁ። አለ ይባላል፣ አንድ ልጅም ተምሮ የመንግሥት ጸሐፊ ሆኗል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ የት እንዳለ ግን እንጃ አሉ ሽማግሌው።

እዚህ ላይ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ሰው ሁሉ ስቆ፣ እኔም ስቄ፣ ውሉ ያን ዕለት ያልቅ ነበር። ነገር ግን ወንበሬ ታየኝ፤ የአንድ ሰው ሥጋ የለኝም ያልሁት ሁሉ ታወሰኝ። ዋርካው ሥር ያለውን ሕዝብ አየሁት፤ ይህ ሁሉ ሰው ዘመዴ ነው። ብዕሬን አስቀመጥሁ። እንዲህም አልሁ፦

"ሰውየው ሳይፈርም አይመዘገብም። ፈልጋችሁ አምጡት።"

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀውም ይላሉ። እኔ ማን እንደሚገባበት እያወቅሁ አራቅሁት።

ሴትዮዋና አጎትየው ኑግ በጫነ መኪና ላይ ወጥተው እኔን ፍለጋ ጎንደር ሄዱ። እኔ ወረታ ተቀምጬ እጠብቃቸዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ እህል አልበላ አለኝ። ላባቴ ደብዳቤ ልጻፍ፣ ልጅ የለኝም በል ልበለው ብዬ ወረቀት አውጥቼ ነበር፤ በምን አፌ። ጎንደር ስንት ኮርቻ ሠሪ አለ፣ አያገኙትም እያልሁ ራሴን አጽናናሁ። ድንጋይማ በያለበት ሞልቷል።

በመካከሉ ነጋዴው መጡ። ሐሙሲት ላይ የሚሸጥ ሱቅ አግኝቻለሁ፣ እኒህን ሴት ስለማከብር እስከ መጪው ገበያ ብቻ እጠብቃለሁ አሉኝ። ከዚያ በላይ አልችልም፣ እኔም ክረምት ይመጣብኛል አሉ። ነጋዴው ወደ ሐሙሲት ከሄዱ ቤቱ አልተሸጠም፤ ቤቱ ካልተሸጠ በሬ የለም። ያን ቀን ማታ ላይ የመጀመሪያው ብርቱ ዝናም ጣለ። ሰኔ ሊገባ ነው። በሩ ላይ ወጥቼ ሰማዩን አየሁ፤ ሴትዮዋ ያን ሁሉ ቀን የሚያዩትም ይኸው ደመና እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

በማግስቱ ቢሮው በባለጉዳይ ተሞልቶ ሳለ ሴትዮዋ ገቡ። አጎታቸው በበትራቸው መንገዱን እየዳበሱ ተከተሏቸው። ሴትዮዋ ከነጠላቸው ውስጥ በአቡጀዲ የተቋጠረ ነገር አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከሕግ መጽሐፉ አጠገብ አኖሩት። ቋጠሮውን አወቅሁት። እንዲያ አድርጋ የምትቋጥር አንዲት ሴት ብቻ ናት።

"እናትህ ሰላም ብላሃለች" አሉ። "በሶ ነው። ማታ ማታ ውጭ አትቁም፣ ብርድ ይመታሃል ብላለች።"

እስከዚያ ቀን እርስዎ ነበር የሚሉኝ። ባለጉዳዩ ለመሳቅ ፈርቶ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። አጎትየው ብቻ ሳይፈሩ ሳቁ። ያባትህ ድንጋይ የጉማራ ለመሆኑ በእጄ ዳስሼ አረጋግጫለሁ አሉ። ሴትዮዋ ግን አልሳቁም።

"እንግዲህ አክስትህ ማለት ነኝ። ያን ቀን ስንቆጥር እዚሁ ነበርህ። ለምን ዝም አልህ?"

ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። ዛሬም ያቺን ጥያቄ ሳስታውስ ያው ቅላት ይመጣብኛል። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆኜ እንኳ የለመደችው ምላሴ አልተወችኝም። ዘመድ ከሆንሁማ ልመዘግብልዎ አልችልም፣ አድልዎ ይሆናል አልሁ። ያን ጊዜ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ግድግዳውን ሲያይ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ከጎን ካለው ክፍል ዳኛውን ጠራቸው።

ዳኛው ቀርፋፋ የሚመስሉ፣ ያልሰሙ እየመሰሉ ሁሉን የሚሰሙ ሽማግሌ ነበሩ። ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡ፤ የውሉን ወረቀት ጠየቁ፤ የዘመዶቹን ዝርዝር ግን በሁለት ጣታቸው አንሥተው ክብደቱን መዘኑና ሳያነቡት መለሱልኝ። ከዚያ ጠየቁኝ። ሻጯ እሳቸው ናቸው ወይ? ናቸው። ማንም ሳያስገድዳቸው ነው ወይ? አዎን። ቤቱ ተለይቶ ተጽፏል ወይ? ተጽፏል። ምስክሮቹስ? ቆመዋል። እንግዲያ ምን ጎደለ አሉኝ። ምንም አልሁ።

"የርብ ወንዝ ሲሞላ ሰው የሚያሻግሩ ጎረምሶች አይተሃል?" አሉኝ። "የሚሻገረው ሰክሮ እንደሆነ፣ ሸክሙ ከብዶ እንደሆነ አይሆንም ይላሉ። ማዶ ሄደህ ምን ልትሠራ ነው፣ ዘመዶችህስ ፈቅደዋል ወይ ብለው ግን አይጠይቁም። አንተም አሻጋሪ ነህ እንጂ የወንዙ ባለቤት አይደለህም።"

ቀጥለው፣ የሚከራከር ዘመድ ካለ እኔ ዘንድ ከሶ ይምጣ፣ ለዚያ የተቀመጥሁት እኔ ነኝ አሉ። ጥርጣሬ ካደረብህ በኅዳጉ ላይ ጻፈው። የግድ እምቢ የምትል ከሆነም እምቢታህን ከነምክንያቱ ጽፈህ፣ ፈርመህ፣ ለባለጉዳዩ ስጥ፤ እሱን ይዞ ወደኔ ይመጣል። በሁለት ዓመት ውስጥ የጻፍኸው እምቢታ ካለ እስቲ አምጣልኝ አሉ። አልነበረኝም። ሁሉንም በአፌ ነበር የመለስሁት። "ሰውየው ስለሳቀ" የሚለው ነገር በአፍ ሲነገር ምክንያት ይመስላል፤ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ታየኝ።

ስለ ዝምድናውስ ብዬ በቀስታ ጠየቅሁ። ዳኛው ሊወጡ ተነሥተው ነበር። በዚህ ሜዳ ላይ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዘመድ የማይሆን ሰው የለም፣ አንተን ብመልስ ሌላ መዝጋቢ ከጅዳ ላስመጣ ነው ወይ አሉ። የነጋዴውን ቀልድ ማን እንደነገራቸው እስከዛሬ አላውቅም። አደላ እንዳልባልም ማኅተሙ ሲመታ ዳኛው ቆመው አዩ።

በመጀመሪያ ዘመድ ነኝና በራሴ ሕግ መሠረት አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ከነጠብጣቦቹ ግርጌ ፈረምሁ። ሌሎቹ ተፍቀው ያለቁ ናቸው፤ የኔ መስመር በመስመር ጥርት ብሎ ወጣ፤ ሥራ ያልነካው ጣት መሆኑ ከሩቅ ይታያል። ከዚያ ወገቤን አጥፌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ አፍንጫዬን ከሣጥኑ አስነካሁ። ቁልፉ እምቢ አለኝና ረዘም ላለ ጊዜ አጎነበስሁ። ቀና ስል አክስቴ እያዩኝ ነበር። ማኅተሙን መታሁ። ነጋዴው የሐሙሲቱን ሱቅ ተዉት፤ በሬዎቹም በዚያው ሳምንት ተገዙ።

በሐምሌው ሚካኤል ቁሐር እንድመጣ ተላከብኝ። ዘመድ ሲጠራ አይቀርምና ሄድሁ። ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ እስከ ጉልበቴ በጭቃ እየገባሁ ደረስሁ። ምሳ ከበላን በኋላ አክስቴ ና ማሳችንን ላሳይህ ብለው ወደ ውጭ ወሰዱኝ። በጉብታው ላይ ያለው ማሳ ታርሶ ተዘርቷል፤ ዳጉሳው በቅሏል። ወደ ታች ስናይ ግን ማሳ አልነበረም። ውሃ ነበር፤ እስከ ዛፎቹ ድረስ፤ መሐሉ ላይ ወፎች ቆመውበታል። ዝናሙ ሳይቀድመን አንድ አሥር ቀን ብናገኝ ይበቃን ነበር አለች ልጃቸው፤ ማንንም ሳትወቅስ፣ ለራሷ እንደምትናገር አድርጋ። ትንሹ ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። አሥሩን ቀን እኔ በልቼዋለሁ። ሦስቱን በቆጠራ፣ ሰባቱን በዝምታዬ። አለቀስሁ። ዘመዶቼ የከተማ ልጅ ጭቃው አስጠልቶት ነው ብለው በርጩማ አመጡልኝ።

አዝመራው በተሰበሰበ ጊዜ አጎትየው በአህያ አንድ ስልቻ ዳጉሳ ጭነው ቢሮዬ ድረስ መጡ። አክስትህ ልካልህ ነው አሉ። የላከችብህን ቃል አንዲት ሳላጎድል ላድርስ ብለው በትራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ።

"እስከ ሰባት ቤት ተቆጥረህ ፈርመሃልና ድርሻህ ይገባሃል። የላይኛው ማሳ ድርሻህ ይኸው። የታችኛውን፣ የጤፉን ድርሻህን ከውሃው ተቀበል።"

ያን ዓመት ቤት ያከራየችኝ ሴት የዳጉሳ እንጀራ ስትጋግርልኝ ከረመች። ከጎንደር የመጣ ጸሐፊ ዳጉሳ ይበላል ተብሎ ተወራብኝ። አንዲት ፍሬ ሳላስቀር በላሁት።

ጥር ላይ ያ የቁሐር ገበሬ ተመልሶ መጣ። ወረቀቱ ያው ነው፤ በምዕራብ በኩል ውሃው እስከሚደርስበት ይላል። የትኛው ወር ብዬ እንደምጠይቀው አውቆ መልሱን አፉ ውስጥ አዘጋጅቷል፤ ምስክሮቹም ሊያግዙት ጠጋ ብለዋል። እኔ ግን ውሃው የት እንደሚደርስ አይቼው ነበር። አጎንብሼ ሣጥኑን ከፈትሁ።